ለየቦታው የሚስማማ አበባ፤ በሐዲያና በከምባታ የግቢ አታክልት ታሪክ

አበባ ለመትከል የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መልኳ ነው፤ ቀይ ትሁን ወይስ ቢጫ፣ ትልቅ ትሁን ወይስ ትንሽ እያለ ያማርጣል። የሐዲያና የከምባታ ባላገር ግን በግቢው ውስጥ አንዲት ሥር ከመቅበሩ በፊት የሚያስበው ስለ ቦታዋ ነው። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ፣ እንሰቱም የቤተሰቡ ሁሉ ቀለብ ስለ ሆነ፣ ያለ ቦታዋ የቆመች ተክል የሰውን ጉርሻ እንደምትሻማ ያውቃል። ከተሞቹ ከተቆረቆሩ ወዲህ ግን ይህ የአባቶች ጥንቃቄ እየላላ ሄዶ፣ በሆሳዕናና በዱራሜ፣ በሾኔና በሺንሺቾ የሚተከለው አበባ የሚመረጠው እንደ ጨርቅ በቀለሙ ሆኗል። ነገሩ ከየት እንደ መጣ ለመረዳት የግቢውን ታሪክ ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ቋሚ አበባ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ መለየት ይገባል። በእርሻ ሰዎች አነጋገር ተክል ዓመታዊና ቋሚ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ዓመታዊው ከዘር በቅሎ፣ አብቦና አፍርቶ በዚያው ዓመት የሚሞት ነው። በመስከረም ወር አገሩን ሁሉ ወርቅ የምታለብሰው አደይ አበባ ከዚህ ወገን ናት፤ ክብሯ ታላቅ ቢሆንም ዕድሜዋ አጭር ነው፤ በየዓመቱ የምትመለሰውም በሥሯ ሳይሆን መሬት ላይ በጣለችው ዘር ነው። ቋሚው ግን ሥሩ ወይም ግንዱ ከዓመት ዓመት ስለሚኖር፣ አንድ ጊዜ በደኅና ከተተከለ ብዙ ዘመን ያገለግላል። እንግዲህ በዓመታዊ አበባ ምርጫ የተሳሳተ ሰው የሚጎዳው ለአንድ ወቅት ነው፤ በቋሚ አበባ የተሳሳተ ግን ጥፋቱን ለልጁ ያወርሳል።

የባላገሩ ግቢ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት ሣሩ አጭር ሆኖ የተጠበቀ መስክ ይገኛል። ይህ መስክ ለጌጥ ብቻ የተተወ አይደለም፤ እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት፣ ሠርግ የሚደገስበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ ጥጃ የሚታሰርበት ነው። ከቤቱ ጀርባና ጎን እንሰቱ ይቆማል፤ ከእንሰቱም መካከል ለቤቱ የቀረበው የከብቱን ፍግ የሚያገኝ ስለ ሆነ ከሁሉ ይለመልማል። በቤቱ ጥግ፣ የጣራው ውሃ በሚንጠባጠብበት፣ ጤና አዳምና የመሳሰለው ለመድኃኒትም ለማጣፈጫም የሚሆነው ቅጠል ይበቅላል። ዙሪያውን ሕያው አጥር ይከበዋል። ስለዚህ ግቢው አንድ ይሁን እንጂ መሬቱ አራት ጠባይ አለው፤ ፀሐይ የሚመታውና እግር የሚረግጠው መስክ፣ እርጥብና ጥላማ የሆነው የእንሰት ሥር፣ ውሃ የሚወርድበት የቤት ጥግ፣ ከዚያም ማንም የማይንከባከበው የአጥር ዳር ናቸው። በአንዱ የሚበቅለው በሌላው አይበቅልም፤ ቢበቅልም አያምርም።

እንሰት ራሱ አበባ ያለው ቋሚ ተክል መሆኑን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ሐዲያውም ከምባታውም ዌሳ ብሎ የሚጠራው ይህ ተክል ብዙ ዓመት ከኖረ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይሞታል። አበባው ከመካከሉ ወጥቶ ወደ መሬት ሲያዘነብል ለማየት የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን ባላገሩ ይህን እያየ የሚደሰት አይደለም። አበባው ለእርሱ የመፋቂያው ጊዜ መድረሱን የሚነግር ምልክት ነው፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ተክሉ በግንዱና በሥሩ ያከማቸው ምግብ ወደ አበባውና ወደ ፍሬው ይሄድበታል። ችግኙንም ቢሆን ከፍሬው አይጠብቅም፤ አሚቾውን ቆርጦ፣ የመካከሉን እምቡጥ አውጥቶ በመሬት ሲቀብረው በዙሪያው ብዙ ችግኝ ይፈላለታል።

ስለዚሁ ተክል ሌላ ታሪክ አለ። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በጎንደር ዘመን ወደ አገራችን መጥቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የእንሰትን ሥዕል ከነስሙ ለአውሮፓ አሳየ። በ1853 ደግሞ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ፍሬውን ለንደን አጠገብ ወዳለው የኪው የአታክልት ቦታ ላከ፤ በዚያም በመስተዋት ቤት ውስጥ በቅሎ ሕዝብ ይመለከተው ጀመር። የሳይንስ ስሙም ከኛው ቃል ተወስዶ «እንሰት» እንደ ተባለ ቀረ። ለከምባታ ሰው ቆጮና ቡላ የሆነው ተክል ለእንግሊዝ ሰው የግቢ ጌጥ ሆነ ማለት ነው። ዛሬም ግንዱና ቅጠሉ የቀላው የእንሰት ዐይነት በአውሮፓ ግቢዎች በበጋ ተተክሎ ይታያል፤ ብርዱ ሳይገድለው በፊት ግን ተነቅሎ ወደ ቤት መግባት አለበት። እኛ ደግሞ ይህን የመሰለ ግርማ ያለው ቅጠል በደጃችን ቆሞ ሳለ፣ የመሥሪያ ቤቱን በር ለማሳመር ከሩቅ የመጣ ችግኝ እንገዛለን።

ወደ አጥሩ እንለፍ። በሐዲያና በከምባታ፣ በጎረቤቶቻቸውም በወላይታና በጉራጌ፣ ለአጥርነት ከሚተከሉት ዛፎች መካከል ኮርች የታወቀ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ የማይገኘው የኮርች ወገን ወፍራም ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ሥር ይሰዳል፤ በደረቁ ወራት አብዛኛው ዛፍ አቧራ ለብሶ ሲቆም እርሱ እንደ ፍም የቀላ አበባ ያወጣል። ከዚህም በላይ ሥሩ ከአየር የሚያገኘውን ናይትሮጅን ለመሬቱ ስለሚያካፍል፣ የረገፈው ቅጠሉም መሬቱን ስለሚያዳብር፣ ጌጡና ጥቅሙ አይለያዩም። ከኮርች ግርጌ ሰንሰል ይተከላል፤ ነጭ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ነው፤ እርሱም በቁራጭ ይበቅላል፤ ከብትም እምብዛም አይደፍረው። እሾህ ለሚያስፈልገው አጥር ኮሸሽላ አለ፤ የዚህ አገር ብቻ የሆነው ዐይነት አበባው ደማቅ ቀይ ስለ ሆነ ማር የሚመጥጡት ትንንሽ ወፎች አይለዩትም። ቀጋ ከሁሉ ይልቅ ሊነገርላት የሚገባ ናት። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የምትበቅለው ጽጌረዳ እርሷ ስትሆን፣ ነጭ አበባዋ አምስት ቅጠል ብቻ ያላት፣ ፍሬዋም እረኛ የሚበላው ነው። የሱቅ ጽጌረዳ ለመግዛት ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ቀጋን ከአጥሩ ነቅሎ ሲጥላት ማየት የሚያሳዝን ነው። በአጥሩ ላይ ወይም በደጃፉ ቋሚ ላይ የሚሳብ የፈለገ ደግሞ ጠምበለልን ይትከል፤ አበባዋ ትንሽና ነጭ ነው፤ ወደ ማታ ሽታዋ ግቢውን ይሞላዋል።

ከእንሰቱ ጥላ ሥር ለሚቆመው ግን ከእንሶስላ የተሻለ አላውቅም። እንሶስላን ሴቶች የሚያውቋት በአበባዋ ሳይሆን በሥሯ ነው፤ እጅና እግራቸውን የሚያቀሉባት፣ ለሠርግና ለበዓል የሚዘጋጁባት ናት። ሥሯ ወፍራም ሆኖ ከመሬት ውስጥ ይኖራል፤ ግንዷ ዝናብ ሲያገኝ ከሰው ቁመት እስከ መብለጥ ይደርሳል፤ ከላይ የምታወጣው ነጭ አበባ ጉሮሮው ሐምራዊ ነው፤ ሌሊት የሚዞሩ የእሳት ራቶች በሽታው ይሳባሉ። የፈረንሳይ ተጓዦች ከአገራችን ከሰበሰቧቸው ዕፀዋት መካከል አሺል ሪሻር የተባለው የዕፀዋት ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ መዝግቦ ስም ሲሰጣት፣ የሰጣት ስም «ማቅለሚያዪቱ» የሚል ትርጉም አለው፤ ስለዚህ የሴቶቻችን ሥራ በስሟ ውስጥ ተጽፎ ይኖራል። ፀሐይ በቀጥታ ከመታት ትጠወልጋለች፤ እርጥበትና ጥላ ካገኘች ግን አንድ ጊዜ የተተከለችው በየክረምቱ ትነሣለች። በእንግሊዝ አገር ያሉ አታክልተኞች ለጥላ ቦታ ብለው ይተክሏታል። በኛ ከተሞች ከሕንፃ ጀርባ ባለው ጥላ ሥር ምንም አይበቅልም ተብሎ መሬቱ በሲሚንቶ ሲደፈን ግን፣ በአያቶች ጓሮ ያለችውን ይህችን ተክል የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

አሁን ወደ ከተማ እንግባ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደዚህ አገር ከደረሰ በኋላ፣ እንደ ሌሎቹ የደቡብ ከተሞች ሁሉ በከፍታ ቦታ ላይ የጦር ሰፈር ተመሠረተ። ቦታው በቀድሞ ስሙ ዋቸሞ ይባል ነበር፤ ሆሳዕና የሚለውን ስም ያገኘው በራስ አባተ ቧያለው የግዛት ዘመን፣ ከሆሳዕና በዓል ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደ ሆነ ይነገራል። የአገሪቱ ርእሰ ከተማ በ1879 ዓ.ም. ከአበባ ስሟን ስታገኝ፣ ይህችኛይቱ ምእመናን ዘንባባ በራሳቸው ከሚያስሩበትና በጣታቸው ከሚያጠልቁበት በዓል ስሟን አገኘች። ዋቸሞ የሚለውም ስም አልጠፋም፤ የከተማዪቱ ዩኒቨርሲቲ ይጠራበታል። ሆሳዕና እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ፍጻሜ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ርእሰ ከተማ ነበረች፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት።

የከተማ ግቢ ከባላገሩ ግቢ የሚለየው እንሰቱን በማጣቱ ነው። ቦታው በካርታ ተሸንሽኖ ሲሰጥ ጓሮው ጠበበ፤ ሣር ቤቱ በቆርቆሮ ሲተካ በጣራው ጥግ የሚወርደው ውሃ መሬቱን የሚቦረቡር ሆነ፤ ሕያው አጥሩ በግንብና በቆርቆሮ ተለወጠ። አራቱ የመሬት ጠባዮች አልጠፉም፤ የያዟቸው ተክሎች ግን ሄዱ። በባዶው ቦታ የገቡት የውጭ አገር አበባዎች ናቸው። በብዙ ሰፈር ሴት አኩሪ የምትባለው ካና ከአሜሪካ ሞቃት ክፍል የመጣች ናት፤ ቅጠሏ እንሰትን ስለሚመስል ይመስለኛል በዚህ አገር እንግድነቷ የማይታወቀው። ጀራኒየም ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ነው፤ በዘይት ጣሳ ተተክሎ በረንዳ ላይ ይቆማል። ቡገንቪላ ከደቡብ አሜሪካ ናት፤ ፈረንሳዮች በ1767 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በብራዚል አግኝተዋት በመርከባቸው አዛዥ ስም ጠሯት። እነዚህን ሁሉ እንግዶች ናቸው ብሎ መንቀል ሞኝነት ነው፤ በርበሬም ድንችም እንግዳ ነበሩ። የሚጠየቀው ቦታቸውን ማግኘታቸው ነው። ካና ውሃ በሚተኛበት ቦይ ዳር፣ ጀራኒየም ዝናብ በማያጠጣው በረንዳ፣ ቡገንቪላ ፀሐይ በሚያቃጥለው ሰፊ ግንብ ላይ ቢተከሉ ያምራሉ። ቡገንቪላ እሾኻም ስለ ሆነች በጠባብ መተላለፊያ፣ ይልቁንም ሕፃናት በሚሮጡበት የትምህርት ቤት በር፣ መተከል የለባትም።

በስም የሚሳሳቱም አሉ። ነጭ ቀንድ የመሰለች፣ ከመካከሏ ቢጫ ጣት የምታወጣ፣ በሠርግ እቅፍ ውስጥ የምትገባ አበባ አለች፤ የሳይንስ ስሟ «ኢትዮጵያዊት» የሚል ነው። ይህን ያነበበ ሰው የአገራችን ናት ብሎ ቢኮራ አይፈረድበትም። ነገር ግን የትውልድ አገሯ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ የጥንት ሊቃውንት «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብፅ በታች ያለውን የጥቁሮች አገር ሁሉ ስለ ነበረ ነው ስሙ የተሰጣት። በረግረግ ዳር ካልሆነ አትደላም።

ቋሚ አበባን በመልኳ ብቻ የመምረጥ ጥፋት ምን ያህል እንደሚደርስ ሁለት ምስክር ልጥራ። አንደኛው የወፍ ቆሎ ነው። ከአሜሪካ ሞቃት ክፍል የመጣው ይህ ቁጥቋጦ ቢጫ፣ ቀይና ሐምራዊ አበባ በአንድ ራስ ላይ ስለሚያወጣ ለአጥርና ለጌጥ ተብሎ በዓለም ተሰራጨ፤ ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ስለ በተኑት ከግቢ ወጥቶ የግጦሹን መሬት ያዘ፤ ቅጠሉም ለከብት መርዝ ነው። ሁለተኛው እንቦጭ ነው። ሐምራዊ አበባዋን ያየ ሰው በገንዳው ውስጥ ቢያኖራት አይደንቅም፤ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨችውም በዚሁ ውበቷ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ታየች፤ በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ መያዟ ከታወቀ በኋላ ስንት ሺህ ገበሬ በእጁ ሲነቅላት እንደ ከረመ አገር ሁሉ የሚያውቀው ነው። አንዲት አበባ የዓሣ አጥማጁን ጀልባ አስቆመች።

ከዚህ በተቃራኒ የኛው አበባዎች በውጭ አገር በክብር ተቀምጠው ይገኛሉ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1837 መጥቶ እስከ ሞተበት እስከ 1878 ድረስ በትግራይ ሲኖር ብዙ ዕፀዋት እየሰበሰበ ወደ አገሩ ይልክ ነበር። እርሱ ከላካቸው መካከል ሆክሽቴተር የተባለው ሊቅ በ1844 ስም ካወጣላቸው ሁለቱ ለኛ ከተሞች እጅግ ይስማማሉ። አንደኛዋ አሲዳንቴራ ናት፤ ነጭ፣ መካከሏ ጥቁር ወይን ጠጅ፣ ሽታዋ የሚጣፍጥ ስትሆን፣ በደረቁ ወራት ቅጠሏ ይደርቅና እንደ ሽንኩርት ያለው ሥሯ ከመሬት ውስጥ ተኝቶ ዝናቡን ይጠብቃል። ሁለተኛዋ ክኒፎፊያ ናት፤ በደጋችን መስክ ላይ እንደ ችቦ ቀጥ ብላ፣ ታችዋ ቢጫ ጫፏ ቀይ ሆና የምትቆመው ናት፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ አትገኝም። ሁለቱም የሚስማማቸው በመስኩ መካከል ሳይሆን በመስኩ ዳር ነው። መካከሉ እንደ ጥንቱ ለሰው መቆሚያ መተው አለበት፤ ዛሬ በመሥሪያ ቤት ግቢ መካከል ክብ መደብ ሠርቶ በአበባ መሙላት ልማድ ስለ ሆነ፣ ሰው ጉዳዩን እስኪያስፈጽም የሚቆምበት ሣር አጥቶ በአስፋልቱ ላይ ፀሐይ ይመታዋል።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ተከላ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማት ይህን ጉዳይ ከግል ግቢ አውጥቶ የመንግሥት ሥራ አድርጎታል። በመንገድ መካከልና በእግረኛ መሄጃ ዳር የሚተከለው በሕዝብ ገንዘብ ነው። የመንገድ መካከል ከአራቱ የግቢ መሬቶች ሁሉ የከፋ ነው፤ አፈሩ ጥቂት፣ ሙቀቱ ብዙ፣ ጭሱ የማይቋረጥ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት በየቀኑ ውሃ ካላገኘ የሚሞት ዓመታዊ አበባ እዚያ ተክሎ በቦቴ ማጠጣት፣ ሲደርቅም ነቅሎ እንደገና መትከል ለበጀት ሸክም ነው። ለእንዲህ ያለው ስፍራ እሬት አለ፤ በቅጠሉ ውስጥ ውሃውን አከማችቶ በደረቁ ወራት ቀይና ብርቱካን መልክ ያለው አበባ ያወጣል፤ በድንጋያማ መሬትም አያፍርም።

ከፍታውም ይለያያል። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሾኔ ከዚያ ዝቅ ትላለች፤ አንጋጫና ዶዮገና ወደ ደጋው ይጠጋሉ፤ ከዱራሜ በላይ የቆመው የሐምበሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ቡገንቪላ በሾኔ ግንብ ላይ ስትደምቅ በደጋው ብርድ ትኮማተራለች፤ ክኒፎፊያ ደግሞ በዶዮገና ትደላና በቆላው ትከሳለች። ስለዚህ ለሁሉም ከተማ አንድ ዓይነት ችግኝ በጨረታ ገዝቶ ማከፋፈል ለሒሳብ ቢቀል ለመሬቱ አይሆንም። ችግኙ በየከተማው አቅራቢያ ከገበሬው አጥርና ጓሮ ቢባዛ ይሻላል፤ ለዚህም ጊዜ አለው። የእንሶስላና የካና ሥር መከፈል ያለበት፣ የኮርችና የሰንሰል ቁራጭም መተከል ያለበት የበልጉ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት ነው፤ በበልጉ ሥር ከያዘ የክረምቱን ዝናብ ይችላል። በሐምሌ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ የእንሶስላ ሥር ግን ይበሰብሳል።